በተለጣፊ የጥፍር ቀለም ላይ ቶፕ ኮት፦ የሙከራ ማስታወሻ

መነሻ

ተለጣፊ የጥፍር ቀለም፣ ከዚህ በኋላ ስትሪፕ፣ ጥፍር ላይ ከተለጠፈ በኋላ ላዩ ላይ ቶፕ ኮት፣ ማለትም ቀለሙን የሚሸፍን ግልጽ የመጨረሻ ቅብ፣ ሲቀባ ምን ይሆናል? አንዳንዱ ስትሪፕ ዕድሜው ይረዝማል፣ አንዳንዱ በዚያው ምሽት ይበላሻል። ልዩነቱን የሚያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ስትሪፑ የተሠራበት ነገር እና ቶፕ ኮቱ ውስጥ ያለው ሶልቨንት (የሚያሟሟና የሚተን ፈሳሽ)። ስለዚህ ሙከራው በጣት ተከፋፍሏል። በአሥሩም ጣት ላይ ስትሪፑ አንድ ዓይነት ነው፣ ቶፕ ኮቱ ግን ይለያያል። ከእያንዳንዱ እጅ አንድ ጣት ምንም ሳይቀባ ለማነጻጸሪያ ይቀራል።

የምንሠራበት እጅ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ይላጣል፤ ከጣቶችም አውራ ጣትና አመልካች ጣት ይቀድማሉ። የግራ እጅን የቀለበት ጣት ከቀኝ አውራ ጣት ጋር አስተያይቶ "ይሄኛው ቶፕ ኮት አይረባም" ማለት ትርጉም የለውም። በየዙሩ ቶፕ ኮቶቹ ጣት ይቀያየራሉ።

እቃ፦ 240 ግሪት የጥፍር ሞረድ፣ ለስላሳ ባፈር (የጥፍር ማለስለሻ)፣ የእንጨት መግፊያ፣ ትንሽ መቀስ፣ ወረንጦ፣ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ አሴቶን፣ ቃጫ የማይለቅ ጨርቅ። ቶፕ ኮት አራት ዓይነት፦ መደበኛ፣ ቶሎ የሚደርቅ፣ በውኃ የተሠራ፣ እና በላምፕ የሚደርቅ ጄል። መደበኛውና ቶሎ የሚደርቀው ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ኤቲል አሲቴትና ቡቲል አሲቴት የሚባሉ ሶልቨንቶች አሉ። ይህ ከታች ለሚመጣው ችግር ሁሉ ቁልፍ ነው።

ስትሪፑን መለየት

ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይሸጣሉ። አንደኛው እውነተኛ የጥፍር ቀለም ነው፤ በስሱ ተዘርግቶ፣ ሙሉ ለሙሉ ሳይደርቅ፣ ከሥሩ ማጣበቂያ ተደርጎበት ይመጣል። መሠረቱ እንደ ጠርሙሱ ቀለም ናይትሮሴሉሎስ፣ ማለትም ሲደርቅ ስስ ንጣፍ የሚሠራ ነገር፣ ነው። አየር በማያስገባ ፎይል የሚታሸገውም ለዚህ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ የቀረው ሶልቨንት ይተንና ስትሪፑ ይደርቃል፣ ሲሳብም ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ቪኒል ነው፤ በሙቀት የሚለሰልስና የሚለጠጥ ስስ ፕላስቲክ። ሦስተኛው ግማሽ ደረቅ ጄል ነው፤ ወፈር ያለና ሲነካ ለስላሳ ነው፣ የሚጠነክረው በዩቪ ወይም በኤልኢዲ ላምፕ ነው።

ማሸጊያው ግልጽ ካልሆነ ቁራጭ ላይ ይሞከር። በብዙ ፓኬት 16 ስትሪፕ አለ፣ የሚፈለገው 10 ነው፣ ስለዚህ ለሙከራ የሚሆን አይጠፋም። በአሴቶን የራሰ ጥጥ ቁራጩ ላይ 10 ሰከንድ ይያዝና ይጠረግ። ቀለሙ ሟሙቶ ጥጡ ላይ ከወጣ እውነተኛ የጥፍር ቀለም ነው። እንደ ወረቀት ሳይፈርስ ከቀረ፣ ቢበዛ ከተጨማደደ፣ ቪኒል ነው።

በዚያው ቁራጭ ሁለተኛ ሙከራም ይሠራል። ቁራጩ ፕላስቲክ ላይ ይለጠፍ፣ ሊቀባ የታሰበው ቶፕ ኮት አንድ ጊዜ ይቀባበት፣ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። መጨማደዱ፣ የሥዕሉ መፍሰስ፣ የብልጭታው መጥፋት እዚያው ላይ ይታያል። ይህን ሳያደርጉ በቀጥታ አሥር ጣት መቀባት ሙሉ ፓኬት ማባከን ነው።

የጥፍር ዝግጅት

አጭር ነው፣ ግን ቶፕ ኮት ያላመጣው ጥፋት ብዙ ጊዜ እዚህ ይጀምራል። የጥፍር ሥር ቆዳ ይገፋ፣ ጥፍሩ ላይ የተለጠፈው ስስ ቆዳ ይጽዳ። ላዩ በባፈር በጣም በቀስታ ይነካ፤ ማብረቁን ለመቀነስ ያህል እንጂ ለማሳሳት አይደለም። ከዚያ በአልኮል ይጠረግ። ከዚህ በኋላ ቅባት የለም፣ ሎሽን የለም።

ውኃ ውስጥ መዘፍዘፍ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ይጎዳል። ጥፍር ውኃ ይመጥና ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ባበጠ ጥፍር ላይ የተለጠፈ ስትሪፕ ጥፍሩ ወደ መጠኑ ሲመለስ ጠርዙ ይላቀቃል። ከመታጠብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት መጠበቅ ጥሩ ነው።

የስትሪፑ መጠን ከጥፍሩ ጠበብ ይበል። በጎንና በሥር በኩል ከቆዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ። ቆዳ የነካ ስትሪፕ ቶፕ ኮት ቢቀባበትም ይነሳል። ከመሐል ወደ ጎን እየተጫነ ይለጠፍ፤ አረፋ ካለ ወደ ቅርቡ ጠርዝ ይገፋ። የተረፈው ጫፍ ወደ ታች ይታጠፍና ሞረዱ ከላይ ወደ ታች ብቻ እየተሳበ ይቆረጥ። ሞረዱን ወዲያና ወዲህ ማመላለስ ጫፉን ይነሰንሰዋል፣ የተነሰነሰ ጫፍ ደግሞ በቶፕ ኮት አይስተካከልም።

ዙር 1፦ ወዲያው መቀባት

እውነተኛ የጥፍር ቀለም ስትሪፕ፣ ከተለጠፈ በኋላ ወዲያው፣ በመደበኛና ቶሎ በሚደርቅ ቶፕ ኮት።

ውጤቱ መጥፎ ነው። ከጥፍሩ ሥር አጠገብ ስስ መስመሮች ታዩ፣ ስትሪፑ ተጨማደደ። ሥዕል ባለበት ስትሪፕ ላይ ጥቁሩ መስመር ወደ ጫፉ ተጎተተ፣ ብሩሹም ጥቁር ሆነ። መደበኛው ከተቀባባቸው ጣቶች አንዱ ላይ ትንንሽ አረፋ ወጣ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ናይትሮሴሉሎስ በኤቲል አሲቴትና በቡቲል አሲቴት ይሟሟል፤ የደረቀ የጥፍር ቀለም በእነዚህ ተመልሶ ይለሰልሳል። አዲስ የተለጠፈ ስትሪፕ ውስጥ የራሱ ሶልቨንት ገና አልወጣም፤ የተለጠጠም ስለሆነ ወደ ቀድሞው መጠኑ ሊመለስ ይፈልጋል። ቶፕ ኮቱ ሲያለሰልሰው መሰብሰብ ይጀምራል፣ ገና ያልያዘው ማጣበቂያም ሊያስቆመው አይችልም። በጣም ተጎትቶ የተለጠፈው ስትሪፕ ከሁሉም በላይ የተጨማደደው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሁለት ለውጥ፦ ስትሪፑን ሳይጎትቱ መለጠፍ፣ እና መጠበቅ።

ዙር 2፦ የጥበቃ ጊዜና የብሩሽ አያያዝ

ስትሪፑ ከተለጠፈ በኋላ ቢያንስ 30 ደቂቃ ተጠበቀ። እያንዳንዱ ጥፍር በአውራ ጣት ለ10 ሰከንድ ያህል ተጫነ፤ በግፊት የሚይዝ ማጣበቂያ በሙቀትና በጫና ይበልጥ ይጣበቃል፣ ጥንካሬውም በቀጣዮቹ ሰዓታት ይጨምራል። ጊዜ ካለ ጠዋት ለጥፎ ማታ መቀባት ከ30 ደቂቃውም ይሻላል።

ብሩሹ ከጠርሙሱ ሲወጣ አንዱ ጎኑ አፉ ላይ ይጠረግ። በሌላው ጎን ጫፉ ላይ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ያላት ጠብታ ትቅር። ጠብታዋ ጥፍሩ መሐል ላይ ትቀመጥ፣ ወደ ሥር ትገፋ፣ ከዚያ ወደ ጫፍ ትሳብ። አንድ ጊዜ በመሐል፣ አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ በቃ። የብሩሹ ፀጉር ስትሪፑን መንካት የለበትም፤ በብሩሹና በስትሪፑ መካከል ሁልጊዜ ፈሳሽ ይኑር። ብሩሹ ደርቆ ሲጫን ነው ቀለሙ የሚጎተተው። የተቀባ ቦታ ላይ ተመልሶ "ላስተካክል" ማለትም ከዚሁ ይቆጠራል፤ የለሰለሰውን ንጣፍ ይነቅላል።

ጥቁር ወይም ቀይ ስትሪፕ ከተቀባ በኋላ ብሩሹ ወደ ጠርሙሱ ከመመለሱ በፊት በወረቀት ይጠረግ። አለበለዚያ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቶፕ ኮት ቀስ በቀስ ቀለም ይይዝና በነጭ ስትሪፕ ላይ ቆሻሻ ይመስላል።

አረፋው የመጣው ከሁለት ነገር ነው፤ ጠርሙሱን ከመነቅነቅና ወፍራም ከመቀባት። ጠርሙሱ በመዳፍ መካከል ይንከባለል እንጂ አይነቅነቅ። በሞቀ አየር ማድረቅም አይረዳም። ላዩ ቀድሞ ይደርቅና ከሥሩ ያለው ሶልቨንት መውጫ ያጣል። ቀዝቃዛ አየር ይሻላል።

በዚህ አሠራር መደበኛው ቶፕ ኮት ያለ ምንም መጨማደድ ተቀመጠ። ቶሎ የሚደርቀው ግን ሌላ ችግር አመጣ።

ዙር 3፦ የጫፍ መሰብሰብ

ቶሎ የሚደርቀው በተቀባባቸው ጣቶች ላይ በማግስቱ ጫፉ ላይ ፀጉር የሚያህል ባዶ መስመር ታየ። ስትሪፑ ከጥፍሩ ጫፍ ወደ ኋላ ተሰብስቧል። እንደዚህ ዓይነት ቶፕ ኮት የሚሠራው ከሥሩ ያለውን ንጣፍ ዘልቆ አብሮ እንዲደርቅ ነው፤ ፈሳሽ ቀለም ላይ ጥቅሙ ይህ ነው። ሶልቨንቱ በፍጥነት ሲወጣ ግን ንጣፉ ይሰበሰባል፣ ስትሪፑንም አብሮ ይስበዋል። ጎኖቹ ላይም ያው ነው፣ ጫፉ ግን ከውኃና ከግጭት ጋር ሁልጊዜ ስለሚገናኝ ጥፋቱ እዚያ ቀድሞ ይታያል።

የተሞከረው መፍትሔ፦ ጫፉን አስቀድሞ ማሸግ። ሙሉ ጥፍሩ ከመቀባቱ በፊት ብሩሹ በጥፍሩ የጫፍ ውፍረት ላይ አንድ ጊዜ በአግድም ይለፍ፣ አንድ ደቂቃ ይጠበቅ፣ ከዚያ ላዩ ይቀባና መጨረሻ ላይ ጫፉ እንደገና ይታሸግ። በጎንና በሥር በኩል ቶፕ ኮቱ ከስትሪፑ ጠርዝ አልፎ ባዶው ጥፍር ላይ እንዲያርፍ ይደረግ፤ ቆዳ ላይ ግን አይድረስ። ቆዳ የነካው ጠርዝ ቆዳው ሲንቀሳቀስ ይነሳል። የፈሰሰ ካለ ሳይደርቅ በእንጨት መግፊያ ይነሳ።

ይህ መሰብሰቡን ቀነሰው፣ አላጠፋውም። የእኔ ፍርድ፦ እውነተኛ የጥፍር ቀለም ስትሪፕ ላይ መደበኛው ይመረጥ። ስትሪፑ እንደ ፈሳሽ ቀለም እርጥብ ሆኖ ስለማይመጣ የቶሎ ደራቂው ዋና ጥቅም እዚህ አያስፈልግም፤ የሚቀረው ጉዳቱ ነው።

ቶፕ ኮቱ ስትሪፕ ላይ የሚሠራው ትልቁ ሥራ ማብረቅ አይደለም፤ አብዛኞቹ ስትሪፖች ሲለጠፉም ያብረቀርቃሉ። ሥራው ጠርዙን መዝጋት ነው። ካልተቀባው ማነጻጸሪያ ጣት ጋር ሲተያይ ይህ በደንብ ይታያል። ያልተቀባው ጣት መሐሉ እንደ አዲስ ነው፣ ጠርዙ ላይ ግን የልብስ ቃጫና ብናኝ ተለጥፎ ጥቁር መስመር ሠርቷል፣ ማጣበቂያው እዚያ ክፍት ስለሆነ።

ዙር 4፦ ብልጭልጭ፣ ክሮም፣ ግሊተር፣ ማት

ክሮም (መስታወት የሚመስል) እና ሆሎግራፊክ (በቀስተ ደመና ቀለም የሚያበራ) ስትሪፕ ላይ መደበኛው ቶፕ ኮት ብልጭታውን አደበዘዘ። መስታወት የሚመስለው ገጽ የሚያበራው ቅንጣቶቹ ጠፍጣፋ ሆነው ስለተደረደሩ ነው። ሶልቨንቱ የያዛቸውን ንጣፍ ሲያለሰልስ ድርድሩ ይፈርሳል፣ ብርሃኑም በየአቅጣጫው ይበተናል። እዚህ በውኃ የተሠራው ቶፕ ኮት አሸነፈ፤ ናይትሮሴሉሎስን አያሟሟም፣ ብልጭታው ባለበት ይቀራል።

በውኃ የተሠራው የራሱ ጣጣ አለው። ሲቀባ ነጣ ይላል፣ ሲደርቅ ይጠራል። በእርጥብ ወይም በቀዝቃዛ ክፍል አደራረቁ ይዘገያል። የጣት ቅባት ባለበት ቦታ ላይ ይሰባሰብና ቀዳዳ ይተዋል፤ ስለዚህ ስትሪፑ አስቀድሞ በደረቅ ጨርቅ ይጠረግ፣ በአልኮል ግን አይሁን፣ አልኮሉ ሥዕሉን ሊያደበዝዝ ይችላል። ሁለት ስስ ንጣፍ፣ በመካከል ሙሉ መድረቅ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ሳይደርቅ ከተቀባ ቃጫ የመሰለ መስመር ይተዋል።

ግሊተር (የሚያብረቀርቅ ፍርፋሪ ያለበት) ስትሪፕ የቶፕ ኮት ጥቅም በዓይን የሚታይበት ነው። ገጹ ሻካራ ስለሆነ ልብስና ፀጉር ይይዛል። አንድ ንጣፍ ሸለቆውን አይሞላም፤ ሁለት ስስ መደበኛ ንጣፍ፣ በመካከል 10 ደቂቃ። በአንድ ወፍራም ንጣፍ ለመሙላት መሞከር ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ በማግስቱም የአንሶላ ምልክት ይታተምበታል።

ማት (የማያብረቀርቅ) ቶፕ ኮት፦ ብርሃኑን የሚያጠፋው ብዙውን ጊዜ በውስጡ ያለ ሲሊካ ነው። ወፍራም ከሆነ ጥቁር ስትሪፕ ላይ ነጭ ጭጋግ ይሆናል። የእጅ ቅባትና መነካካት ከጥቂት ቀን በኋላ ጫፉን ያብረቀርቁታል። የውበቱ ዕድሜ አጭር ነው፤ ለዝግጅት ቀን እንጂ ለሳምንት አይሆንም።

ዙር 5፦ ቪኒል

ቪኒል ላይ ተራ ቶፕ ኮት ሲቀባ መጀመሪያ ያምራል። በሦስተኛው ቀን አካባቢ ግን ቶፕ ኮቱ ከመሐል ጀምሮ በቅርፊት መልክ ይነሳል። ፕላስቲኩ ይታጠፋል፣ ቶፕ ኮቱ ደረቅ ነው፣ አይታጠፍም፤ የያዘውም ገጽ ለስላሳ ስለሆነ አጥብቆ አይዝም። ከዚያም ባለፈ ሶልቨንቱ በጠርዙ በኩል ገብቶ የቪኒሉን ማጣበቂያ ያለሰልሳል።

ቪኒሉ ሙሉ ለሙሉ አይቀባ። ጠርዙ ብቻ ይታሸግ፤ በስስ ብሩሽ በጫፉና በጎኖቹ ዙሪያ 1 ሚሊ ሜትር ያህል መስመር፣ ግማሹ ቪኒሉ ላይ፣ ግማሹ ጥፍሩ ላይ። ጫፉን ለማስያዝ ከቶፕ ኮት ይልቅ ሙቀት ይረዳል፤ ከመለጠፉ በፊት ቪኒሉ በፀጉር ማድረቂያ ጥቂት ሰከንድ ይለሰልስ፣ ከተለጠፈ በኋላም እየተጫነ እንደገና ይሙቅ።

ዙር 6፦ ጄል

ግማሽ ደረቅ ጄል ስትሪፕ ላይ ተራ ቶፕ ኮት አይሁን፤ እንደ ቪኒሉ ይላጣል። ቅደም ተከተሉ፦ ስትሪፑ መጀመሪያ በላምፕ ይጠንክር፣ ከዚያ ስስ የጄል ቶፕ ኮት፣ እንደገና ላምፕ። ጊዜው የሚወሰነው በአምራቹ መመሪያና በላምፑ ነው፤ ብዙ ጊዜ 60 ሰከንድ አካባቢ ነው። አውራ ጣት ለብቻው ይግባ፤ ከሌሎቹ ጋር ሲገባ ጎን ስለሚዞር ብርሃኑ ጠርዙን አያገኘውም። ጄሉ ላይ የሚጣበቅ ንጣፍ ከቀረ በአልኮል ይጠረጋል።

ያልደረቀ ጄል ቆዳ ላይ መቅረት የለበትም። ውስጡ ያሉት አክሪሌቶች የሚባሉ ኬሚካሎች አለርጂ ሊያስነሱ ይችላሉ፤ አንዴ የጀመረ አለርጂ ደግሞ አብሮ ይኖራል። ማሳከክ፣ መቅላት ወይም የጥፍር ዙሪያ መሰነጣጠቅ ከታየ ሙከራው ይቁም።

የጄል ቶፕ ኮት በእውነተኛ የጥፍር ቀለም ስትሪፕ ላይም ተሞክሯል። በላምፕ ሲጠነክር በጣም ያምራል፣ ከዚያ ከእነ ስትሪፑ እንደ ክዳን ይነሳል። ከላይ ጠንካራ፣ ከሥር ለስላሳና ሶልቨንት የያዘ ንጣፍ አብረው አይቆዩም። ለማውጣትም ጄሉ ረጅም የአሴቶን ጊዜ ይፈልጋል። ጥቅም አልተገኘበትም፣ አይደገምም።

አያያዝ በሳምንቱ ውስጥ

ቶፕ ኮቱ ሲነካ ደርቋል ማለት ጠንክሯል ማለት አይደለም። ሁለት የተቀቡ ጥፍሮች በቀስታ ይነካኩ፤ ከተንሸራተቱ ላዩ ደርቋል፣ ከተያያዙ ገና ነው። ሙሉ ጥንካሬ ግን ሰዓታት ይወስዳል። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት ሙቅ ውኃ አይነካ።

በየ2 ወይም 3 ቀኑ ጫፉ ብቻ ይታደስ። ሙሉ ጥፍሩን ደጋግሞ መቀባት ንጣፉን ያወፍራል፣ ወፍራም ንጣፍ ደግሞ ሲጋጭ በአንድ ቁራጭ ይላጣል። ከሦስት ንጣፍ በላይ የተደረበባቸው ጣቶች ከማነጻጸሪያው ጣት ቀድመው የተሸረፉት ለዚህ ነው።

እቃ ሲታጠብ ጓንት። የእጅ ሳኒታይዘር በተደጋገመ ቁጥር ብርሃኑን ይቀንሳል። ዲት (DEET) የሚባል ኬሚካል ያለበት የትንኝ መከላከያ ግን ከሁሉም የከፋ ነው፤ የጥፍር ቀለምን ያለሰልሳል፣ የጣት አሻራ ያትማል። መከላከያው ከተቀባ በኋላ ጥፍሩ ወዲያው ይጠረግ።

የእጅ ጥፍር በወር በአማካይ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚያድግ በሳምንቱ መጨረሻ ከሥሩ ባዶ ቦታ መታየቱ የስትሪፑ ጥፋት አይደለም። አዲሱ ክፍተት ላይ ትንሽ ቶፕ ኮት ቢያርፍ ጠርዙ ፀጉር እንዳይዝ ያደርጋል።

ማውጣት

እውነተኛው የጥፍር ቀለም፦ በአሴቶን የራሰ ጥጥ ተጭኖ ይያዝ። ያልተቀባው ጣት በ10 እስከ 15 ሰከንድ ለቀቀ፤ ሁለት ንጣፍ ያለበት ግማሽ ደቂቃና ከዚያ በላይ ፈለገ። ግሊተር ከሆነ ጥጡ በፎይል ተጠቅልሎ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ቪኒል፦ ይሙቅ፣ ጠርዙ በእንጨት መግፊያ ይነሳ፣ ከሥሩ ዘይት እየገባ ከጎን ወደ ጎን ይላጥ። ምንም ዓይነት ስትሪፕ በኃይል አይነቀል፤ የጥፍሩን የላይ ንጣፍ ይዞ ይሄዳል፣ ቀጣዩም ስትሪፕ በዚያ ቦታ አይይዝም። አሴቶንም ሆነ ተራ ቶፕ ኮት በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ መስኮት ክፍት፣ እሳት ሩቅ።

ወጪና ጠርሙስ

ውዱ ስትሪፑ ነው። ቶፕ ኮት በብዛት ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ባለው ጠርሙስ ይሸጣል፣ በዚህ አሠራር ለብዙ ዙር ይበቃል፤ የሚባክነው በመወፈር ነው። የጠርሙሱ አፍ በየጊዜው በአሴቶን ጥጥ ይጠረግ፣ ክዳኑ በደንብ እንዲገጥም። ከወፈረ 2 ወይም 3 ጠብታ የጥፍር ቀለም ማቅጠኛ፣ ማለትም የአሲቴቶቹ ድብልቅ፣ ይግባበት። አሴቶን አይጨመር፤ ቶሎ ስለሚተን ማቅጠኑ አይቆይም፣ ቶፕ ኮቱንም ያበላሸዋል። በውኃ የተሠራው ላይ ደግሞ ይህ ማቅጠኛ ፈጽሞ አይገባም፤ ይረጋል።

የተረፉት ስትሪፖች ማሸጊያቸው ውስጥ ተመልሰው አየሩ ይውጣ፣ አፉ በፀጉር ማስተካከያ ብረት ይታተም። ብረቱ ስትሪፑ ያለበትን ክፍል አይንካ።

ቀጣይ ዙር

እውነተኛ የጥፍር ቀለም ስትሪፕ፣ በሁለቱም እጅ። አውራ ጣት፦ መደበኛ፣ ጫፉ ሁለት ጊዜ የታሸገ። አመልካች፦ በውኃ የተሠራ ከሥር፣ ከደረቀ በኋላ መደበኛ ከላይ፤ የውኃው ንጣፍ ሶልቨንቱን ምን ያህል እንደሚያግደው ለማየት። መሐል ጣት፦ ጠርዙ ብቻ የታሸገ። የቀለበት ጣት፦ ያልተቀባ። ትንሿ ጣት፦ ጠዋት ተለጥፋ ማታ የምትቀባ።